ብልቃጡ ውስጥ የበራው ስልክ

ጋሽ ወርቅአፈራሁ አስተማሪ አይደሉም። ይህ ከሁሉ በፊት ይያዝልኝ፤ እሳቸው ራሳቸው ከማንም በላይ ይዘውታልና። አምስት ኪሎ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ሆነው ሠርተዋል። አስተማሪው ይናገራል፣ እሳቸው ያሳያሉ። አስተማሪው «አሲድ» ሲል ጠርሙሱን ያቀርባሉ፤ «ማግኔት» ሲል መሳቢያውን ይከፍታሉ። ቁመታቸው ረዘም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ነጭ ጋዋናቸው ከመታጠብ ብዛት ወደ ሰማያዊ የተጠጋ ሰው ናቸው። ጠዋት ከፒያሳ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ማታ በእግራቸው ይመለሳሉ። ሲመለሱ አንዲት ማኪያቶ አለቻቸው፤ ባንኮኒው ላይ ቆመው ይጠጧታል። ለምን አይቀመጡም ሲባሉ፣ ቁጭ ካልኩ ወሬ ይመጣል ይላሉ።

እኚህ ዝምተኛ ሰው ታዲያ በዓመት አንድ ቀን ንጉሥ ይሆናሉ። የብልቃጡ ቀን! ዘጠነኛ ክፍል የድምፅ ሞገድና የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ልዩነት ላይ ሲደርስ፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቁም ሳጥኑን ይከፍቱና በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለውን ብልቃጥ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ያወጡታል። ብልቃጥ ስላችሁ የሽቶ ብልቃጥ እንዳይመስላችሁ። ባልዲ የሚያህል፣ አፉ ወደ ታች የሚደፋ፣ ወፍራም የመስታወት ክዳን ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው እሱን ብቻ ነው፤ ቢሰበር የሚተካው የለም። ተማሪዎቹ ጋሽ ወርቅአፈራሁን በሌሉበት «ጋሽ ብልቃጥ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ደስም ይላቸዋል።

ብልቃጡ የሚደፋው የብረት ሰሃን ላይ ነው። ከሰሃኑ መሐል ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ወደ አንድ አሮጌ ፓምፕ ይሄዳል። ፓምፑ ሲነሣ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን አየር እየሳበ ያወጣዋል። አራት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሲሠራ አስም እንዳለበት ሰው ያፏጫል። ብልቃጡ ውስጥ የሚገባውስ ምንድን ነው? የጋሽ ወርቅአፈራሁ ስልክ። ባለ ቁልፍ፣ ጥቁር፣ ጥሪዋ ሰፈር የሚቀሰቅስ። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ሁልጊዜ የምትገባው እሷ ናት። ከብልቃጡ አናት ላይ በፀጉር ላስቲክ ታስራ ትንጠለጠላለች። በላስቲክ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ድምፅ ተንኮለኛ ነው፤ ስልኳ ሰሃኑን ወይም መስታወቱን ከነካች በብረቱና በመስታወቱ ሾልኮ ይወጣል። ስክሪኗም ወደ ተማሪዎቹ ይዞራል፤ ማየት ያለባቸው እነሱ ናቸውና።

መጀመሪያ አየሩ ሳይወጣ አስተማሪው ይደውላል። ስልኳ ትጮኻለች። ከዚያ ፓምፑ አየሩን ያወጣል፤ አስተማሪው እንደገና ይደውላል። አሁን ስክሪኗ ቦግ ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። ጥሪው ገብቷል፣ ጩኸቱ አልወጣም። ይህን ያየ ክፍል ሳያጨበጭብ ቀርቶ አያውቅም።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ በዚያች ቀን ብቻ ይናገራሉ። ድምፅ የታክሲ ሰልፍ ነው ይሏቸዋል ልጆቹን። አራት ኪሎ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሰለፉ፤ የኋለኛው ሲገፋ ፊተኛው ይነቃነቃል፣ እሱ ደግሞ የፊቱን ይገፋል። ግፊያው እስከ ታክሲው በር ይደርሳል፤ ሰዎቹ ግን እዚያው ቦታቸው ናቸው። ሰልፈኛው አየር ነው፣ ወይም ውሃ፣ ወይም ብረት። ሰልፈኛ ከሌለ ግፊያ የለም። ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ግን ሰልፍ አያውቅም። ብርሃኑም፣ የሬዲዮውም፣ የስልኩም ሞገድ ማንም ሳይገፋው፣ አየር በሌለበት ኦና ውስጥ ያልፋል። በፀሐይና በእኛ መካከል አየር የለም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ጃንሜዳ ላይ ፀሐይ ትወጣለች። የጊዮርጊስ ደወል ድምፅ አራት ኪሎ ለመድረስ አራት ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ ብርሃን በአንዷ ሰከንድ ምድርን ሰባት ጊዜ ተኩል ይዞራል። እንዲህ እያሉ ፊታቸው ይበራል፤ ያን ቀን ጉብጠታቸው እንኳ የሚቀንስ ይመስላል።

አሁን ወደ ስልኳ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ጋ ነው።

አማኑ ለጋሽ ወርቅአፈራሁና ለእትዬ ሰገነት አንድ ልጃቸው ነው። እሪ በከንቱ ሰፈር ተወልዶ እሪ በከንቱ አደገ፤ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ቤተሰቡ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘመድ ግቢ ውስጥ ካለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ገባ። የቤቱ ስልክ መስመርም ከግድግዳው ጋር እዚያው ቀረ። ማተሚያ ቤቱ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ፤ አማኑ አብሮ አልሄደም። ጥቂት ወር እንደተቀመጠ ለእናቱ ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ አላቸው። ሐምሌ ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በሱዳን በኩል ወጣ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደውሎ ያገኛቸው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱን ከሱዳን፤ ደኅና ነኝ ብሎ ዘጋ። ሁለተኛውን ኅዳር ላይ ከሊቢያ፣ በሰው ስልክ። ባለ ስልኩ አጠገቡ ቆሞ ቶሎ በል ይለው ነበር፤ በአረብኛ የሚጮኸው ሰው ለጋሽ ወርቅአፈራሁም ይሰማቸዋል። አማኑ በአንድ ትንፋሽ የተናገረው ይህን ነው።

«ባባ፣ ባሕሩ ጋ ስደርስ ሳልሳፈር እደውልልሃለሁ። ያኔ ተው ካልከኝ እተዋለሁ። እመለሳለሁ።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ አፋቸውን ሲከፍቱ መስመሩ ተቆረጠ።

ልጁ በቃሉ የሚያውቀው የስልክ ቁጥር የአባቱን ብቻ ነው። ሰባት ዓመቱ ላይ በጥምቀት ጃንሜዳ ጠፍቶ ማታ ሲገኝ፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁ አሥሩን አኃዝ እንደ ዳዊት አስደግመውታል። የራሱን ስልክ ደላሎቹ መንገድ ላይ ወስደውበታል። እትዬ ሰገነት ደግሞ ከቤቱ ስልክ ሌላ ይዘው አያውቁም። ስለዚህ የቀረው አንድ ስልክ፣ አንድ ጥሪ፣ አንድ ቃል ነው። ተው።

እትዬ ሰገነት ማታ ማታ ባላቸውን ያስጠኗቸው ነበር። እንዴት ነህ አትበል፣ በላህ ወይ አትበል፣ መስመሩ ይቆረጣል። መጀመሪያ ተው በለው፤ ሌላውን ከተረፈ ትለዋለህ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ይደግማሉ። እትዬ ሰገነት አይረኩም፤ ድምፅህ ለስልሷል፣ እንደ አባት በለው ይላሉ። እንደገና ይደግማሉ።

ከኅዳር ወዲህ ያች ስልክ ከግራ ደረት ኪሳቸው ርቃ አታውቅም። ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ እንኳ አያጠፏትም፤ ሰው ዞሮ ሲገላምጣቸው እጃቸውን ኪሱ ላይ ጭነው ጎንበስ ይላሉ። ባንኮኒው ላይ ከማኪያቶዋ ጎን ያስቀምጧታል። ሁለት ጥሪ ባንዴ የማትቀበል አሮጌ ስለሆነች፣ ወዳጅ ሲደውል «አሳጥረው» ብለው ይዘጋሉ። በዚህ የተቀየሟቸው አሉ። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገሩም። ልጅህ የት ደረሰ ሲባሉ ሐዋሳ ነው የሚሉት።

መጋቢት መጣ፤ የብልቃጡ ቀን ደረሰ።

የዚያን ዓመት የፊዚክስ አስተማሪዋ መምህርት ማክዳ ነበረች። ወጣት፣ አዲስ ተቀጣሪ፣ ገና ተማሪ ፊት ስትቆም እጇ ላብ ላብ የሚላት። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሦስት ቀን ቀደም ብለው፣ ዘንድሮ የእኔ ስልክ አትገባም፣ ያንቺ ይገባና እኔ ከውጭ እደውላለሁ አሏት። ምክንያቱን አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀች። እሺ አለች።

ረፋዱ ላይ አርባ ስምንት ተማሪ ላብራቶሪው ውስጥ ተጠጋግቶ ቆመ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ የመምህርት ማክዳን ስልክ በላስቲኩ አሰሩት። ስልኩ ሰፊና ከባድ ነው፤ ከገዛችው ገና አንድ ወሩ ነው። ላስቲኩ የለመደው ትንሿን ጥቁሯን ነው። ብልቃጡን ቀስ አድርገው ሲያነሡ ስልኩ ሾለከና ብረት ሰሃኑ ላይ በግንባሩ ወደቀ። ሲያነሡት ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል።

መምህርት ማክዳ ምንም አይደል አለች። ዓይኗ ግን ውሃ ሞላ። ይሠራል፣ ይሠራል እያለች በአውራ ጣቷ ስንጥቁን ታሻሸው ጀመር። ተማሪዎቹ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን ያያሉ።

ይሉኝታ የሚሉት ነገር! እኛ አገር ስንቱን ጉድጓድ ውስጥ እንደከተተ ማን ይቆጥረዋል። ጋሽ ወርቅአፈራሁ የሰው ንብረት ሰብረው፣ በዚህ ላይ የኔን አላስነካም ሊሉ ነው? ለአንዲት ልጅ፣ በአርባ ስምንት ሰው ፊት? እጃቸው ሳያዟት ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደች። አሥር ደቂቃ ናት ብለው አሰቡ። ከኅዳር ወዲህ ልጃቸው ያልደወለባት ስልክ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ምን ትሆናለች? ጥቁሯን በላስቲኩ አንጠለጠሏት። ልክክ አለች።

መጀመሪያ አየር እንዳለ ተደወለ። ጮኸች፤ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ፓምፑ ተነሣ። ኤርሚ የሚባል፣ ከኋላ የማይጠፋ ቀልደኛ፣ ፓምፑ ሲያፏጭ ሰምቶ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ይኼ ፓምፕ ራሱ ኦክስጅን ይፈልጋል።»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ወርቅአፈራሁም ሳቁ፤ ሰልፉንና ታክሲውን አስረዱ። ኤርሚ፣ ሰልፉን ጥሶ የሚገባ ወያላ አለ እኮ ጋሼ አለ፤ እሱ ነው ኤሌክትሮማግኔቲኩ አሉት። እንዲህ ደስ ብሏቸው የታዩበት ቀን አልነበረም ይላሉ እዚያ የነበሩት።

አራተኛው ደቂቃ ሞላ። ፓምፑን አጠፉና ለመምህርት ማክዳ በራሳቸው ምልክት ሰጡ። እሷ ቁጥሩን ነክታ ወደ ጆሮዋ ስትወስድ፣ ብልቃጡ ውስጥ ብርሃን ቦግ አለ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟቸው።

«ስሙ እስቲ። ምን ይሰማችኋል?»

አርባ ስምንት ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ፣ ከጎን ክፍል የጠመኔ ድምፅ ይሰማል። ብርሃኑ ቦግ እልም እያለ ነው። ስልኳ በላስቲኩ ላይ ተንጠልጥላ በሙሉ ኃይሏ ትጮኻለች፣ ለማንም አትሰማም። ጋሽ ወርቅአፈራሁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ፈገግ ብለው ቆሙ። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ጥርት ብሎ ወጥቶላቸው አያውቅም። ብርሃኑ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልተነፈሰም።

መምህርት ማክዳ ጆሮ ውስጥ ግን፣ የደወሉላቸው ደንበኛ መስመር ተይዟል የሚል ድምፅ ነበር። ስልኬ ተሰብሮ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ወይም ኔትወርክ። ብልቃጡ ሲበራ አይታለች፤ የሽማግሌው ፊት ሲበራም አይታለች። ይህን ደስታ በምን አፏ ታበላሸዋለች? ፈገግ ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ብልቃጡ እንደገና በራ።

አሁንም ጥቂቶች አጨበጨቡ። ፊት የቆመችው ሀኒፋ ግን አላጨበጨበችም። ጠረጴዛውን አየች፣ ብልቃጡን አየች።

«ጋሼ፣ ቲቸር እኮ እየደወለች አይደለም።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። የተሰነጠቀው ስልክ ጥቁር እንዳለ በጀርባው ተኝቷል። ከዚያ ከብልቃጡ ኋላ ዞረው መጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኗን በተማሪዎቹ በኩል ሆነው አዩት። ቁጥሩ ረጅም ነው። በሁለት መቶ አሥራ ስምንት ይጀምራል። የሊቢያ መለያ ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ ሲያልሙት የኖሩት።

አየር ማስገቢያውን ከፈቱ። ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ አየሩ እንደ ክር እየቀጠነ ፉጨት ያሰማል። ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡ። አይነሣም። ውስጡ ኦና ሲሆን የውጭው አየር በሬ እንደተኛበት ያህል ሰሃኑ ላይ ይጫነዋል፤ ይህንንም በየዓመቱ እያሳቁ የሚያስረዱት ራሳቸው ናቸው። ሳቡ። ኤርሚ ሮጦ መጥቶ አብሮ ሳበ። አልተነሣም።

አየሩ እየገባ ሲሄድ ድምፁ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ትንኝ። ከዚያ ከግድግዳ ማዶ እንዳለ ሰው። ከዚያ እየቀረበ፣ እየወፈረ መጣ፤ የሚያውቁት ጥሪ፣ ሰፈር የሚቀሰቅሰው። ከመስታወቱ በዚህ ወገን አንድ ስንዝር ላይ እጃቸው አለ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከክርናቸው አጠገብ ደግሞ ከባድ የብረት ማቆሚያ ነበር። አንድ ምት ይበቃ ነበር።

አልሰበሩትም። ዛሬም ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ገልብጠው ያዩታል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ሃያ ስድስት ዓመት በጋቢ ጠቅልሎ ያቆየ እጅ መስበር አላወቀበትም።

ብልቃጡ ሲላቀቅ ጥሪው ቆሟል። ስክሪኗ ላይ ሁለት ያልተነሣ ጥሪ ይላል።

መልሰው ደወሉ። ማግኘት አይቻልም። እንደገና ደወሉ። መምህርት ማክዳ ልጆቹን አስወጣች። ኤርሚ ከበሩ ላይ ዞሮ፣ ጋሼ ማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ለጎረቤት፣ ለወዳጅ፣ ለቤተ ክርስቲያን ያልተናገሩትን ለዚያ ቀልደኛ ተናገሩት። ልጄ ነው፣ አሉት፤ ባሕር ላይ ሊሳፈር ነው።

ዘጠኝ ቀን ደወሉ። በዘጠነኛው አንድ ሰው አነሣና በአረብኛ ተናገረ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ስልኩን እንደያዙ ሮጠው ጎረቤታቸው ሱፊያን ሱቅ ገቡ፤ ሱፊያን ጅዳ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ተቀብሎ አወራ። ስልኩ ብዙ ሰው የደወለበት እንደሆነ፣ ስም እንደማያውቅ፣ ያን ቀን የደወሉት ያኑ ማታ ተሳፍረው እንደሄዱ ሰውዬው ነገረው። ደርሰዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ዘጋበት። ሱፊያን ይህን ሲተረጉምላቸው ዓይናቸውን አላየም፤ የመደርደሪያውን ሳሙና ሲያስተካክል ነበር።

ከወዲያ ማዶ የደወለ የለም። ሚያዝያም፣ ሰኔም፣ መስከረምም። ከሦስቱ ጓደኞቹም ወሬ አልመጣም።

እትዬ ሰገነት ማታ ማታ ባላቸው በሩን ሲገቡ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር። «ደወለ?»

«አልደወለም» ይላሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። ዕድሜ ልካቸውን ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያችን አንዲት ውሸት ስምንት ወር ሙሉ በየማታው ዋሿቸው። ማስጠናቱም አልቀረም፤ እትዬ ሰገነት እንደ አባት በለው ይላሉ፣ እሳቸው ተው ይላሉ። ሚያዝያ ላይ ለሚስታቸው ሞባይል ገዙላቸው። ለምን እንደገዙት ሲጠየቁ ለገበያ ይሆንሻል አሉ። ቁጥሩን አማኑ አያውቀውም።

ኅዳር ላይ እትዬ ሰገነት ከሀኒፋ እናት ከካሚላ ጋር ገበያ ላይ ተገናኙ። ካሚላ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያወቁ መስሏት ነው። ልጄ ስለ ልጃችሁ ጥሪ እያነሣች እስከ ዛሬ ታለቅሳለች፣ አላህ ያገናኛችሁ አለቻቸው። እትዬ ሰገነት አሜን ብለው ቃሪያቸውን ገዙ። ቤት ገቡ። ማታ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሲመጡ ያን ጥያቄ አልጠየቁም። ራት አቀረቡ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አሉ።

«ቅዳሜ ወስደህ አሳየኝ።»

ቅዳሜ ላብራቶሪው ባዶ ነው። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ከዚያ መጋቢት ወዲህ ያልነኩትን ቁም ሳጥን ከፈቱ። ጋቢውን ፈቱ። ሰልፉንና ታክሲውን ሊያስረዱ ጀምረው ተዉት። አጭር አድርገው፣ ድምፅ አየር ካላገኘ አይሄድም፣ ስልኩ ግን በምንም በኩል ይመጣል አሉ። እትዬ ሰገነት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው፣ «ማለት እሱ የላከው ደርሷል» አሉ።

«ደርሷል።»

«እስከዚህ ድረስ?»

«እስከዚህ ድረስ። በረሃውን ሁሉ አልፎ። መስታወቱንም አልፎ።»

ጥቁሯን ስልክ አንጠለጠሏት። ፓምፑ አራት ደቂቃ አፏጨና ዝም አለ። እትዬ ሰገነት በዚያች ለገበያ በተገዛች ስልካቸው ደወሉና ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ብልቃጡ በራ። ለረጅም ጊዜ ብርሃኑን አዩት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፤ የሚያዩትን ትተው የሚሰሙትን ያዳምጡ ጀመር።

«እዚህ ይጠራል» አሉ።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ስምንት ወር የሸሿት ነገር ይቺው ነበረች። ከብልቃጡ የማይወጣው ድምፅ ለደዋዩ ይሰማዋል። አማኑ እዚያ ባሕር ዳርቻ ቆሞ በጆሮው ሲጠራ ሰምቷል። ኔትወርክ ነው አላለም፤ ስልኩ ዝግ ነው አላለም። ጠርቶለታል፣ አባቱ አላነሡም።

«የመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠራ?»

«አዎ።»

«አንተ ያኔ ምን ታደርግ ነበር?»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ የፓምፑን ቱቦ ይዘው ቆሙ። «እየሳቅሁ ነበር» አሉ። «ልጆቹ ያጨበጭቡ ነበር።»

እትዬ ሰገነት ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጮኹም፣ ደረታቸውንም አልመቱ። ስልኩን ከጆሯቸው አላነሡም።

«አባቴ ዝም አለኝ፣ ፈቀደልኝ ብሎ ነው የሄደው» አሉ።

ጥሪው አለቀ፤ በቴሌ የተቀዳ የሴት ድምፅ፣ ደንበኛው አያነሡም አለ። ብልቃጡ ጨለመ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ አየሩን ሊያስገቡ እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ሰገነት ያዟቸው።

«ተወው፣ ሁለት ጊዜ አይደል የደወለው።»

እንደገና ነኩትና ጆሯቸው ላይ መለሱት። ብልቃጡ ውስጥ ብርሃኑ በራ። ሁለቱም ቆመው ጠበቁ፤ ጋሽ ወርቅአፈራሁ በዓይናቸው፣ እትዬ ሰገነት በጆሯቸው፣ እስኪያልቅ።